ቋንቋውን ያጣው ልጅ
(የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የሕይወት ታሪክ)

«የታዋቂ ሰዎች ታሪክ» በሚለው ዓምዳችን ዛሬ ተራው የእኔ ነው። በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ጀግኖችና ስለ ፈልሳፊዎች ነው። እኔ ግን ስለ አንድ ልጅ ልጽፍላችሁ ነው። የንጉሥ ልጅ ነው፤ የሞተውም ገና በ18 ዓመቱ ነው። እሱን የመረጥኩት ቤታችን ባለው በአንድ ትንሽ ልጅ ምክንያት ስለሆነ መጀመሪያ ስለዚያ ልጅ ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ 6 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። አክስቴ ለሥራ ዓረብ አገር ስትሄድ የሚይዘው ሰው ስላልነበረ አምና ነሐሴ ላይ አባቴ ሄዶ ወደ ሀደሮ አመጣው። ስሙን አልጽፍም፤ ምክንያቱም ይህ መጽሔት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ እሱም እዚሁ ግቢ ውስጥ 1ኛ ክፍል ነው። ሲመጣ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ የሚወራው ከምባትኛ ነው። አያቴ አማርኛ ትንሽ ትንሽ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመርም 1ኛ ክፍል የሚማሩት በከምባትኛ ስለሆነ መምህርቷ የሚናገሩት አልገባውም።

መጀመሪያ መጀመሪያ በጣም ይጠይቅ ነበር። ይሄ ምንድነው? ያ ምን ይባላል? እኛ ግን ሥራ ላይ ነን። አባቴ ዝንጅብል ይቆፍራል፣ እናቴና አያቴ እንሰት ይፍቃሉ፣ እኔ ውሃ እቀዳለሁ። አንዳችንም ቁጭ ብለን አልመለስንለትም። አንድ ቀን ውሃ ጠምቶት በከምባትኛ ለመጠየቅ ሞከረ። ውሃ በከምባትኛ ወኣ ነው፤ መሃሉ ላይ ድምፁ ጉሮሮ ውስጥ ቆም ማለት አለበት። እሱ ቆም ሳያደርገው ቀረ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ጓደኞቼ ሲመጡ ደግሞ አነጋገሩን እያስመሰልኩ አሳየኋቸው። እነሱም ሳቁ። እሱ በር ላይ ቆሞ ያየን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ሲፈልግ በጣቱ መጠቆም ጀመረ። ቀስ በቀስ መናገሩን ተወው። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ዲዳ አሉት። አንዲት ጎረቤታችን መጥተው ምላሱ ታስሯል፣ እንጥሉም መቆረጥ አለበት አሉ። እናቴ እሺ አላለችም፤ ግን ፈራች። ከሁሉም የባሰው አንድ እሁድ የሆነው ነው። አክስቴ ስትደውል ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግንለት። እሱ ዝም አለ። በአማርኛም ዝም አለ። አክስቴ ከዚያ ወዲያ ስሙን ደጋግማ ስትጠራው እኛ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። መጨረሻ ላይ ስልኩን ለእናቴ ሰጥቶ ወጣ።

በዚያው ሰሞን በኅብረተሰብ ትምህርት ስለ አፄ ቴዎድሮስና ስለ መቅደላ ተማርን። መምህራችን ንጉሡ ልጅ እንደነበራቸውና እንግሊዞች እንደወሰዱት ነገሩን። ከዚያስ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። ከቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን አነበብኩ፣ ሌላውንም መምህራኖቼን ጠየቅሁ። ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ከመቅደላ እስከ ባሕር

ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ሁለተኛ ናቸው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑና የትግራዩ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ልጁ ያደገው በአማርኛ ነው። አስተማሪውም ቀላል ሰው አልነበሩም፤ አለቃ ዘነብ ይባላሉ። የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉትና «መጽሐፈ ጨዋታ» የተባለውን መጽሐፍ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው።

አፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣልተው አውሮፓውያንን ስላሰሩ፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ትልቅ ጦር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ተያዘች። ንጉሡ እጃቸውን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። በዚያን ቀን ዓለማየሁ 7 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ይቀሩት ነበር። የአክስቴን ልጅ በአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚበልጠው ማለት ነው።

የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ ቅርስ ይዞ ሄደ። ለመጫኛ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ያስፈለጉ እንደሆነ ተጽፏል። ልጁና እናቱም አብረው ተጓዙ። ነገር ግን እቴጌ ጥሩወርቅ ታመው ነበር። በግንቦት 1860 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ መንገድ ላይ አረፉ። በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ። ከእናቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ ግን ገና አፉ ላይ ነበር።

አለቃ ዘነብ ከልጁ ጋር ተጉዘው ነበር፤ ግን እስከ እንግሊዝ አልደረሱም፤ መንገድ ላይ ተመለሱ። እኔ ይህን ሳነብ ነው ልቤ የተነካው። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ከልጁ ጋር አማርኛ የሚያወራው በዋናነት አንድ ሰው ሆነ። እሱም ካፒቴን ስፒዲ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው ቀደም ሲል አፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ በጣም ረጅምና ቀይ ጢም ያለው፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ አገር ስሙ ባሻ ፈለቃ ነበር። ዓለማየሁ ሌሊት ስለሚፈራ ከባሻ ፈለቃ መለየት አይፈልግም ነበር ይባላል። እኔ አይፈረድበትም እላለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚናገረውን የሚሰማው እሱ ነበራ።

በእንግሊዝ አገር

በሐምሌ 1860 ዓ.ም. በመርከብ እንግሊዝ ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን አይተው በጣም ወደዱት፣ አዘኑለትም። በዚያው ወቅት የተነሳቸው ፎቶዎች አሉ። አንዱን መጽሐፍ ላይ አየሁት። የአገሩን ልብስ ለብሶ አጠገቡ ባሻ ፈለቃ አለ። ልጁ አይስቅም። እኔ ፎቶው ላይ ያየሁት ፊት የማውቀው ፊት ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው እንደዚያ ነው።

ባሻ ፈለቃ ለመንግሥት ሥራ ወደ ህንድ ሲላክ ልጁንም ይዞት ሄደ። በኋላም ዛሬ ማሌዢያ ወደሚባለው አገር ወደ ፔናንግ ሄዱ። እዚያ ሁሉ ቦታ አማርኛ የሚያወራ ጎረቤት የለም፣ የሚጫወት ልጅ የለም፣ ተረት የሚነግር አያት የለም። ሁሉም የሚያወራው እንግሊዝኛ ነው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ቋንቋ ቶሎ ይማራል፤ ካልተጠቀመበትም ቶሎ ይረሳል። የእሱም አማርኛ እየሳሳ ሄደ።

ቀጥሎ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ ከባሻ ፈለቃ ተለይቶ ትምህርት ቤት ይግባ ብሎ ወሰነ። ንግሥቲቱ ከባሻ ፈለቃ ጋር ቢቆይ ይመርጡ ነበር፤ ግን ውሳኔው አልተለወጠም። በ10 ወይም በ11 ዓመቱ ገደማ ቼልተንሃም ወደሚባል ከተማ ተወስዶ በአንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ቤት መኖር ጀመረ። እኒህ ሰው ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ እሱም አብሮ ሄደ። የመጨረሻውም አማርኛ ተናጋሪ ከጎኑ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አማርኛውን ጨርሶ ረሳው።

ኳስና ስፖርት ይወድ ነበር። በትምህርቱ ግን ብዙም አልገፋም። በኋላም ሳንድኸርስት ወደሚባለው የመኮንኖች ትምህርት ቤት አስገቡት። እዚያም ደስተኛ ስላልነበረ ዓመት ሳይሞላው ወጣ። አገሩ ኢትዮጵያ ሆና፣ መልኩም የኢትዮጵያዊ ሆኖ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ቢያገኝ እንኳ በአማርኛ ሰላም ሊለው አይችልም ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ በሕይወት ነበሩ። ለልጅ ልጃቸው ደብዳቤ ልከውለታል። ያን ጊዜ ስልክ የለም። ደብዳቤ በበቅሎና በመርከብ ብዙ ወር ይፈጃል። ያ ሁሉ አልፎ ቢደርስስ? አማርኛውን ለረሳ ልጅ የገዛ አያቱ ደብዳቤ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ይህን ሳነብ አክስቴ በስልክ ስሙን ስትጠራው የነበረው ድምፅ ትዝ አለኝ።

ልዑል ዓለማየሁ በመጨረሻ ሊድስ በሚባል ከተማ በአንድ አስተማሪው ቤት ተቀመጠ። እዚያም በሳንባ ሕመም ታመመ። ንግሥት ቪክቶሪያ ስለ ጤናው ይከታተሉ ነበር። አልዳነም። በኅዳር 1872 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኅዳር 14 ቀን 1879፣ በ18 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ነገሥታቱ በሚኖሩበት በዊንድሶር ቤተ መንግሥት ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በተለያየ ጊዜ ጠይቋል፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም በዘመናቸው ጠይቀው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች አፅሞች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጠ። በ2016 ዓ.ም. ግን በባሻ ፈለቃ ቤተሰብ ዘሮች እጅ ቆይቶ የነበረ የልዑሉ የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ ልጅ ወደ አገሩ የተመለሰው እስካሁን ያ ፀጉር ነው።

ከታሪኩ ወደ ቤታችን

ይህን ታሪክ ለአማርኛ መምህራችን ጽፌ ሳሳያቸው ለምን ይህን መረጥክ እንዳይሉኝ ፈርቼ ስለ አክስቴ ልጅም ነገርኳቸው። የሳቅሁበትንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቋንቋ ዕቃ አይደለም፣ ተቀምጦ አይቆይም፤ ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ሰው ሲያወራው፣ እሱም ሲመልስ፣ ሰውም መልሶ ሲያወራው ነው ብለው አስረዱኝ። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ዲዳ አይደለም፤ አዲስ ቋንቋ መሃል የገባ ልጅ ለተወሰነ ጊዜ እያዳመጠ ዝም ሊል ይችላል፤ ከተሳቀበት ግን ዝምታው ይረዝማል አሉ። መጀመሪያ ግን ጆሮው ይታይ ብለው መከሩኝ።

እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ጆሮው ደህና ነው፣ ምላሱም ደህና ነው ተባለ። እንጥሉን ማንም እንዳይነካው፣ መቆረጥ ደም እንደሚያፈስና ቁስሉ እንደሚያመረቅዝ፣ ንግግርንም እንደማያመጣ ነገሯት። መድኃኒትም አልሰጧትም። አውሩት ብቻ ነው ያሏት።

እኛም ማውራት ጀመርን። አያቴ እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው ያስቀምጡታል። የሚይዙትን ሁሉ ስሙን ይነግሩታል፤ ቢላውን፣ ቅጠሉን፣ ቆጮውን። ማታ ማታ እሳት ዳር ተረት ይነግሩናል። ድሮ ለእኔ ይነግሩኝ የነበረውን ነው። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በከምባትኛ እሰማለሁ፣ በአማርኛ እነግረዋለሁ። አያቴ አማርኛውን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እኔ ስሳሳት ነው የሚስቁት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ግን ሲሳቅብኝ ምን እንደሚሰማ አወቅሁ።

ትምህርት ቤትም መምህርቷ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ ልጅ አጠገብ አስቀመጡት። ስዕል ሲያሳዩ መጀመሪያ በአማርኛ እንዲል ይፈቅዱለታል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በከምባትኛ ይልለታል። ልጆቹም ከእሱ አማርኛ ይማራሉ። ዲዳ የሚለው ስም ቀረ ማለት ይቻላል። አንዳንዱ አሁንም ይለዋል፤ ሁሉም ጥሩ ሆነ ብዬ አልዋሽም።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ አያቴ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። እሱ ከትምህርት ቤት ሮጦ መጣና ፊታቸው ቆመ። ወኣ አለ። መሃሉ ላይ ጉሮሮው ውስጥ ቆም አድርጎታል። አያቴ ተነስተው ራሳቸው ቀድተው ሰጡት። ጠጥቶ ሲጨርስ ደግመው ቀዱለት። እኔ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ፤ አልወጣሁም፤ ያፍራል ብዬ።

አክስቴ በእሁድ ስትደውል አሁን ያወራታል። በአማርኛ ነው የሚያወራት። አንዳንድ ዘመዶቻችን ከምባትኛውን እንዲለምድ አማርኛውን ይተው ብለው ነበር። መምህራችን ግን አንዱ ሌላውን አያስወጣም፣ ልጅ ሁለቱንም መያዝ ይችላል ብለዋል። እውነትም ነው። እዚህ ሀደሮ ገበያ ላይ ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው ስንት አለ! ዓለማየሁም እንግሊዝኛ መማሩ አልጎዳውም። የጎዳው አማርኛውን የሚያወራለት ሰው ማጣቱ ነው። ስለዚህ እናቴ ከከምባትኛው ጎን ማታ ማታ በአማርኛ ታወራዋለች። እናቱ ስትመጣ እንግዳ እንዳትሆንበት።

ምን እናድርግ?

ታናናሾች ያሏችሁ፣ 1ኛ ክፍል አጠገብ የምታልፉ ሁሉ እነዚህን ያዙልኝ።

1ኛ. ሥራ እየሠራችሁ አውሩት። ውሃ ስትቀዱም ሆነ ከብት ስታግዱ የምታዩትን ስሙን እየጠራችሁ ንገሩት። ለዚህ ትርፍ ጊዜ አያስፈልግም።

2ኛ. ሲናገር አታቋርጡት፣ ቃሉን ከአፉ አትቀሙት። ጠብቁት።

3ኛ. ቃል ቢሳሳት አትሳቁበት፣ አታስመስሉበት። ትክክለኛውን ቃል ብቻ መልሳችሁ በሉለት። እሱ ራሱ ያስተካክላል።

4ኛ. ስልክ ላይ ካርቱን ከፍታችሁ አትተዉት። ካርቱን ያወራል እንጂ መልስ አይጠብቅም። እንቆቅልሽና ተረት ይሻላል።

5ኛ. የማይሰማ ወይም ጆሮው የሚመግል ልጅ ካለ፣ ዘግይቶም የማይናገር ከሆነ፣ ለወላጅ ተናገሩና ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንጥልና ምላስ ማስቆረጥ አይሁን።

6ኛ. ከሌላ ቦታ የመጣና ሌላ ቋንቋ የሚናገር ተማሪ ስታገኙ የእሱንም ቋንቋ አንድ ቃል ተማሩ። አንድ ቃል ብትሆንም የሚሰማው ሰው እንዳለ ያውቃል።

ውድ አንባቢዎች፣ ልዑል ዓለማየሁ ቤተ መንግሥት ገብቷል፣ ትልልቅ ትምህርት ቤት ተምሯል፣ ንግሥት ወዳዋለች። ጥሩ ልብስና ጥሩ ምግብ አላጣም። ያጣው በእናቱ ቋንቋ የሚያወራው አንድ ሰው ነው። እኛ ቤተ መንግሥት የለንም። ማውራት ግን እንችላለን፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የአክስቴ ልጅ ገና ማንበብ አልቻለም። ሲችል ይህን ጽሑፍ እንደሚያነበው አውቃለሁ፤ አንድ ቅጂ አስቀምጬለታለሁና። ስለዚህ እዚህ ላይ ልጻፈው፦ በዚያ ቀን ስለሳቅሁብህ ይቅርታ አድርግልኝ።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል